ጓሯችንን የሚገድለው ሌሊቱ ነው

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ለገና ይፈታል። ላሊበላ ላይ እንደዚህ ሰሞን አትክልት የሚፈለግበት ጊዜ የለም። ሥጋውም ወተቱም ከማዕድ ወጥቷል። ለልደት በዓል የሚመጣው ምእመን በእግሩም በመኪናም መግባት ጀምሯል። ምግብ ቤቱ ሁሉ በያይነቱን የሚያደምቅበት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና ቆስጣ ይፈልጋል። ጓሯችን እጁን የሚሰጠው ታዲያ ልክ በዚሁ ሰሞን ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቲማቲሙ አበባ ሳይቋጥር ይረግፋል፣ የቃሪያው ቅጠል ይቆረፍዳል። ወደ ጋሸና ሜዳ ከፍ ሲሉ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ አመዳይ ነው የሚቀበልዎ።

እናም የላስታን ትልቁን በዓል የምናከብረው በቆቦ ቲማቲም ነው። ቆቦ ይመስገን፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ አለው፣ አየሩ ሞቃት ነው፣ ገበሬውም በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ያውቅበታል። የሚያስቸግረው መንገዱ ነው። ያ ቲማቲም ወልዲያ ደርሶ፣ የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ በብርዳሙ ሜዳ አድርጎ ጋሸና ይገባል፤ ከጋሸና ላሊበላ ገና 64 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ለዓመታት የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገዢ ሆኜ ስለሠራሁ ሳጥኑ ሲከፈት የሚታየውን አውቀዋለሁ። ከላይ ያለው ያምራል፤ ከሥር ያለው ድልህ ሆኖ ነው የሚደርሰው። የሚከፈልበት ግን በሙሉ ሳጥን ዋጋ ነው።

ይህ መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መንገዱም መብራቱም ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት የትኛው ቀን መኪና እንደሚያልፍ፣ የትኛው ቀን እንደሚቆም ደፍሮ የሚናገር የለም። ሆቴላችን ኮሮና ከገባ ጀምሮ እንግዳ እያጣ ሄደና እኔም ከወጥ ቤት ወደ ጓሮ ገባሁ። ዛሬ ችግኝ እያፈላሁ እሸጣለሁ። ስለዚህ በምጽፈው ጉዳይ ጥቅም አለኝ፤ አንባቢ ይህን ይዞ ያንብብልኝ።

የምለው ይህ ነው። የላስታ ጓሮ ላስቲክ መልበስ አለበት። የምለው ከለላ ግን የአበባ እርሻዎቹ ዓይነት ግሪን ሃውስ አይደለም። ትንሽ ይሁን፣ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ጀርባው የድንጋይ ግድግዳ ይሁን፣ ባለቤቱ ጠዋት የሚገልጠው ማታ የሚያለብሰው ይሁን።

ብዙ ሰው የላስቲክ ቤት ሲባል የሚታየው የፈረንጅ አገሩ ነው። ሆላንድ በታኅሣሥ ቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ፤ ገበሬው ሙቀቱንም ብርሃኑንም በገንዘቡ ይገዛል። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ናት። በጣም አጭር የምንለው ቀናችን እንኳ ከአሥራ አንድ ሰዓት ይበልጣል፤ ሰማዩም ከመስቀል በኋላ ጥርት ብሎ ነው የሚከርመው። ፀሐይ አላነሰንም። ያ ጥርት ያለ ሰማይ ግን ሲመሽ ጠላት ይሆናል። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል። ነፋስ ካልነፈሰ ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና እዚያው ይተኛል። ሜዳውና የሸለቆው ወለል አመዳይ ለብሶ ሲያድር የተራራው ወገብ ላይ ያለው ጓሮ የሚተርፈው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን አገር ውርጭ ብለው የሰየሙት ያለ ነገር አይደለም፤ ያ አገር ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ ቀና ስንል የምናየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው።

ከተማችን ራሷ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች አመዳይ በየሌሊቱ አይወርድባትም። ቲማቲም ለመክሰር ግን አመዳይ አይጠብቅም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ቀጥ ይላል፤ ከ13 በታች እየሆነ ከሰነበተም አበባው ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። አመዳይ የመታው ደግሞ አያድርስ ነው። ጎሕ ሲቀድ ቅጠሉ ደርቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ላላየው ሰው ጤነኛ ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ይለሰልሳል፣ ውሃ ያዝላል። አራት ሰዓት ገደማ ጠቁሯል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢያጠጡት፣ ማዳበሪያ ቢጨምሩለት አይመለስም።

እዚህ ላይ ላስቲክ የሚያከፋፍሉ ሰዎች የማይናገሩት ነገር አለ። አንድ ተርታ ላስቲክ ብቻውን ሌሊት ብዙ አያሞቅም። ነፋሱን ይከለክላል፣ ከመሬት ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሙቀት ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት ውስጡ ከውጭው የሚሻለው በጥቂት ዲግሪ ነው፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከውጭው ይብሳል። «ግሪን ሃውሱ ተተክሎ ቲማቲሙ ሞተ» የሚባለው ወሬ ምንጩ አንዱ ይህ ነው። ሰዉ ላስቲኩን እንደ ቤት ቆጥሮት ዘግቶ ይተኛል። ላስቲኩ በላዩ ሌላ ልብስ ይፈልጋል፤ ጭድ፣ የሣር ምንጣፍ፣ ጆንያ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ።

ቻይናዎች ይህን ቀድመው ደርሰውበታል። ሻንዶንግ ውስጥ ሾውጓንግ በሚባል አካባቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ገበሬዎች በብርዱ ወራት ከሰል ሳያነዱ ኪያር ማምረት ያዙ። ዘዴው ቀላል ነው። በስተሰሜን ወፍራም የአፈር ግድግዳ ይቆማል፣ በስተደቡብ ላስቲክ አዘንብሎ ይወጠራል፣ ማታ ማታ ከላስቲኩ በላይ የገለባ ምንጣፍ ይዘረጋል። በሕንድ ሰሜን ጫፍ በላዳክ፣ 3,500 ሜትር ላይ፣ ከእኛ እጅግ በባሰ ብርድ፣ በጭቃ ጡብ ግድግዳና በላስቲክ ብቻ ቅጠላ ቅጠል እያመረቱ ይበላሉ። እኛ ሾውጓንግን ሳናውቅ ሆላንድን ነው የምናልመው፤ ምክንያቱም አማካሪውም ፕሮጀክቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ወፍራም ግድግዳ መሥራት ላስታን የሚያስተምረው ያለ አይመስለኝም። ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት በጭቃ ብቻ የሚያቆም ግንበኛ ዛሬም በየቀበሌው አለ። ያ ቤት ቀን የሞቀውን ይዞ ስለሚያድር ነው ከቆርቆሮው ይልቅ የሚሻለው። አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ ግድግዳ ለዚያ ግንበኛ የጨዋታ ያህል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ግድግዳው ከጠዋት እስከ ማታ ሲሞቅ ይውላል፤ ሲመሽ የያዘውን ቀስ እያለ ለመደቡ ይመልሳል። ድንጋይ ደግሞ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ላሊበላ ላይ አይገዛም።

የኔ መደብ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አሥር ሜትር ያህል ነው። በአንድ ወገን ግድግዳው፣ በሌላው የተሰነጠቀ ሸምበቆ ጎብጦ ላስቲኩን ተሸክሟል። የላስቲኩን ጫፍ አፈር ውስጥ ቀብሬ ከላይ በገመድ አስሬዋለሁ፤ የላስታ ነፋስ አንድ ቀዳዳ ካገኘ ሙሉውን ይዞት ነው የሚሄደው። ግድግዳው ሥር ጥቁር የቀባኋቸው ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ውሃ በተራ በሚመጣባት ከተማ ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም። ቀን ፀሐይ ይይዛሉ፣ ሌሊት መደቡን ያሞቃሉ፣ ውሃው ሲፈለግ ደግሞ ለብ ያለ ነው፤ ችግኝ የበረደ ውሃ አይወድም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትዳከም፣ ላስቲኩን ዘግቼ ጆንያውን አለብሰዋለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እገልጠዋለሁ። ጆንያው ሲነሳ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ጠብታ አዝሎ ይገኛል፤ ሲነቀነቅ ችግኙ ላይ ይረግፋል። ይህ መልካም አይደለም፤ እርጥብ ቅጠል ሻጋታ ይጠራል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፍ ከፍቼ አናፍሰዋለሁ። ሳይናፈስ የዋለ መደብ እኩለ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፍና ከብርድ የተረፈውን ችግኝ ሙቀት ይጨርሰዋል።

አንድ ቅዳሜ ከአሸተን ተራራ በኩል ለገበያ የወረዱ አያ ችግኝ ሊገዙ መጥተው ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይኸን ስትገልጪ ስታለብሺ የምትውዪው ለሕፃን ነው ለቲማቲም?»

«ለቲማቲም ነው አያ።»

«እንግዲያስ ሌላ ሥራ የለሽም።»

ስቀን ተለያየን፤ ችግኙን ግን ገዝተው ነው የሄዱት። ነገራቸው እውነት አለው። ከለላ በቀን ሁለት ጊዜ ሰው ይፈልጋል። ጠዋት ከብት አውጥቶ፣ ልጅ ልኮ፣ ቀትር ሳይደርስ የሚገልጥ፣ ማታ ደግሞ ሳይመሽ የሚያለብስ ሰው። ይህ ሰው በአብዛኛው ሴት ናት፤ በአብዛኛው ቤት አጠገብ ናት። የላስቲክ ቤቱ ከመኖሪያው ርቆ በአጥር ታጥሮ፣ ቁልፉ ቢሮ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ዘበኛ ተቀጥሮለት ከተተከለ ሥራው ገና ከመጀመሩ አልቋል። እንዲህ ያለውን አይቻለሁ። የትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ መጥራት አስፈላጊ አይደለም፤ በብረት ቱቦ የቆመ፣ ምረቃ የተደረገለት፣ ባለሥልጣን ሪባን የቆረጠለት ነበር። መጀመሪያ ጎኑ ተቀደደ፣ ከዚያ ጣሪያው በነፋስ ተገነጠለ፣ መለወጫ ላስቲክ ከየት እንደሚገዛ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ብረቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ልብስ ይሰጣበታል።

ማንሳትና መጠገን የማንችለው ከለላ ምን እንደሚያመጣ ላሊበላን የሚነግራት የለም። በ2000 ዓ.ም. ግድም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በቤተ መድኃኔዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ የቆሙት ጣሪያዎች ጊዜያዊ ናቸው ተብለው ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ከልለዋል፣ አልክድም። ግን ሕዝቡ ክብደታቸውንና ነፋሱን እያየ መስጋት ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ «ይነሱልን» ብሎ ሰልፍ ወጣ። ዐለት ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ ያወጣ አገር በላዩ የተተከለበትን ብረት ማውረድ አልቻለም። ቲማቲምን ከቅርስ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ባለቤቱ በእጁ ሊነካው የማይችል ነገር ሲበላሽ ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ መፍትሔ እንደማይኖረው ለማሳየት ነው።

ሌላም የላስቲክ ታሪክ አለን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በየአርሶ አደሩ ጓሮ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይቆፈር ተብሎ ታላቅ ዘመቻ ነበር። ብዙው ጉድጓድ ላስቲክ ተነጠፈበት። ቦታው ሳይጠና፣ በኮታ፣ በሪፖርት ቁጥር ስለተቆፈረ ብዙው አፈሰሰ፣ ደለል ሞላው፣ ተተወ። ውሃ ማጠራቀም ክፉ ሐሳብ ሆኖ አይደለም። ደግሞም ያ ላስቲክ የተነጠፈበትን ጓሮ የሚያውቁት ሴቶች አልተጠየቁም ነበር። አሁንም የላስቲክ ቤት «ለአንድ ቀበሌ ይህን ያህል» ተብሎ በኮታ ከወረደ መጨረሻው ያው ነው የሚሆነው።

ወደ ጥቅሙ ልግባ፤ ሰው የሚሳሳተው ጥቅሙ የት እንዳለ ባለማወቅ ነው። የከለላ ትልቁ ገንዘብ ያለው ሙሉ ማሳ መሸፈን ላይ አይደለም። ያለው ችግኝ ላይ ነው። ቲማቲም እዚህ ያለ ከለላ ሊፈላ የሚችለው ብርዱ ሲለቅ፣ በየካቲት ነው። ችግኙ ለመዛወር መጋቢት ማብቂያ ይደርሳል፤ ፍሬው መቅላት የሚጀምረው በሰኔ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ዝናቡ ይገባል። ዘሩ በታኅሣሥ ማብቂያ ወይም በጥር መጀመሪያ ከለላ ውስጥ ከተዘራ ግን የካቲት መጨረሻ ላይ ሌሊቱ ለብ ሲል ችግኙ ዝግጁ ነው፤ ሚያዝያ ማብቂያና ግንቦት ላይ ይለቀማል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጥቂት ሳምንት ነው፤ ያ ጥቂት ሳምንት ግን አንዱን ጓሮ ከክረምቱ በሽታ በፊት ያደርሰዋል፣ ሌላውን በሽታው አፍ ውስጥ ይጥለዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መደብ ብቻ ነው። ከአንድ መደብ የሚወጣው ችግኝ ለብዙ ጎረቤት ጓሮ ይበቃል።

ስለ በሽታው ካነሳሁ አይቀር፣ ለከለላ የሚሟገቱ ሰዎች የሚረሱት ክረምቱን ነው። ስለ ብርድ ብቻ ያወራሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቲማቲምና ድንችን የሚጨርሰው ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው፤ ቅጠሉን እያጠቆረ፣ ግንዱን እያበሰበሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳ ይጠርጋል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አየርላንድን ያስራበው ይኸው ራሱ ነው። የሚኖረው በእርጥብ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ እንዳይረጥብ ካደረጉት ግማሽ ጦርነቱን አሸነፉ። ስለዚህ ክረምት ላይ ያው ላስቲክ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጎኖቹ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ፣ ላስቲኩ ከላይ ጣሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ውሃው በቦይ ለሥሩ ይሰጣል። በረዶውንም ይከላከላል፤ ሐምሌ ላይ ለአሥር ደቂቃ የወረደ በረዶ የቆስጣ ማሳን ምን እንደሚያደርገው ያየ ሰው ያውቀዋል። በነሐሴ እንዲህ ባለ ጣሪያ ሥር የፈላ ችግኝ በመስከረም ይተከላል፤ በታኅሣሥ ሌሊቱን በጆንያ ከደገፉት ለገና ገበያ ቀይ ቲማቲም ይሰጣል። በዚያ ሰሞን የላሊበላ ቲማቲም መኪና አይጠብቅም፣ ድልብን አይወጣም።

ሁሉንም እንሸፍን የሚል ሰው ከመጣ ግን አትስሙት። ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ብርድ ይችላሉ። የሐበሻ ጎመን እንዲያውም ብርድ ሲነካው ይጣፍጣል። ቀይ ሽንኩርት ለቆቦ ይተው፤ ሳይበላሽ መንገድ ይችላል፤ ላስቲክ ውስጥ ማብቀል ገንዘብ መጣል ነው። ከለላ የሚገባቸው በመኪና የሚጎዱትና በብርድ የሚሞቱት ናቸው፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ የሁሉም ችግኝ። ዱባና ኪያር የሚተክል ካለ ደግሞ ቀን ቀን ገልጦ ንብ ያስገባ፤ የላስታ ንብ ሥራዋን ታውቃለች፣ በር ከተከፈተላት።

አሁን ዋናው እንቅፋት ላስቲኩ ራሱ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው ለወለል፣ ለግንባታ፣ ለእህል መሸፈኛ የመጣ ነው። የእኛ ፀሐይ በዚህ ከፍታ ላይ ጨካኝ ናት፤ ፀሐይ እንዲችል ያልተዘጋጀ ላስቲክ በአንድ በጋ ውስጥ ይደርቅና ይሰባበራል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚመረተው፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የተሰባበረው ላስቲክ ማሳ ውስጥ ይቀራል፤ ላምና ፍየል ይበሉታል፤ ከብት ሲታረድ ሆዱ ውስጥ የላስቲክ ጥቅል ሲወጣ ያላየ ሥጋ ሻጭ የለም። ርካሹን ላስቲክ በየጓሮው ካስፋፋን አትክልት እያተረፍን ከብት እንገድላለን። ስለዚህ ወይ ደህናው ይምጣ ወይ ይቅር።

ደህናው ላስቲክ አገር ውስጥ የለም የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ጽጌረዳ የሚበቅለው በምን ሥር ነው? ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ የሆነችው በዚሁ ላስቲክ ነው። ባለሀብቱ ለእርሻው የሚያስፈልገውን ከውጭ ሲያስገባ የቀረጥ ማበረታቻ አለው። አሥር ሜትር ላስቲክ የምትፈልገው የላስታ ሴት ግን ወልዲያ ወርዳ ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ትገዛለች፤ ስለ ፀሐይ መቻሉ ብትጠይቅ ባለ ሱቁ «ጠንካራ ነው» ይላታል። በአገራችን ለአበባ የሚገባው ላስቲክ ለምሳችን መግቢያ አጣ።

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ስለ ወተት፣ ስለ እንቁላል፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ማር ብዙ ተባለ። መልካም ነው። ዓመቱን ከግማሽ በላይ የሚጾም ሕዝብ ሌማት ላይ ግን ቅጠሉ ይቅደም ብዬ ብሟገት የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ የወረዳው ሪፖርት በሄክታር መሆኑ ነው። ከለላ በካሬ ሜትር ነው የሚለካው፤ አሥር ካሬ ሜትር ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ስለዚህ አይታቀድም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ማሳያ ግሪን ሃውስ መገንባቱን ይተዉና የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖቹ ፀሐይ የሚችለውን ላስቲክ ከአበባ እርሻ አቅራቢዎቹ በጥቅል ገዝተው ለአባላት በሜትር ይሽጡ፤ ሲያረጅም አሮጌውን እየተቀበሉ አዲሱን ይስጡ። ፀደይ ባንክ አብቁተ የተባለ የብድርና ቁጠባ ተቋም በነበረበት ዘመን ለበግና ለዶሮ ማበደር ያውቅበት ነበር፤ ለአንድ መደብ ላስቲክም ያበድር፤ ገንዘቡ ከአንድ የችግኝ ወቅት ሳያልፍ ይመለሳል። ስሪንቃ ምርምር ማዕከል ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ የትኛው የቲማቲም ዝርያ በ2,500 ሜትር ሌሊት ፍሬ እንደሚይዝ ቆላ ላይ ሳይሆን እዚህ ግድግዳ ሥር ይሞክርልን። የልማት ሠራተኞቹ ደግሞ ስለ ላስቲኩ ከማስተማራቸው በፊት ስለ ጆንያው፣ ስለ ግድግዳውና ስለ ሰዓቱ ያስተምሩ።

እና ላስቲኩ ከጥቅምት በፊት ይድረስ። ዕቃ እዚህ የሚደርሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው። በጥር የሚመጣ ላስቲክ ቲማቲም አያድንም፤ ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ለዳስ ይፈለጋል፣ ተመልሶም አይመጣም።